ሶሌኖዶንና ኮነስ፦ ስለ ደሴቱ መርዛም አጥቢና ስለ ባሕሯ መርዛም ቀንድ አውጣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንዱ በካሪቢያን ደሴቶች ጫካ ውስጥ ሌሊት ሌሊት አፈር እየማሰ የሚኖር፣ ከድመት የሚያንስ ጸጉራም እንስሳ ነው። ሌላዋ በሞቃት ባሕሮች ወለል ላይ እየተሳበች የምትኖር፣ ጀርባዋ ጥልፍ የመሰለ ቀንድ አውጣ ናት። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ያገናኛቸው መርዝ ነው። የእነዚህ እንስሳት ነገር በተነሣ ቁጥር የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤአለሁ። አንዳንዶቹን በአጭሩ መልሻለሁ፤ ልቤ የሚወድዳቸውን ግን ረዘም አድርጌአቸዋለሁ።

ሶሌኖዶን ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

በሩቁ ሲያዩት ትልቅ አይጥ ይመስላል፤ አይጥ ግን አይደለም። ነፍሳትና ትል ከሚበሉ ጥቃቅን አጥቢዎች ወገን ነው። ጅራቱን ሳይጨምር ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ክብደቱ ቢበዛ 1 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ጅራቱ ጸጉር አልባ ሊባል ይችላል፤ ዓይኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ የፊት እግሮቹ ጥፍሮች ረጃጅምና ጠንካራ ናቸው። ከሁሉ የሚገርመው አፍንጫው ነው። በሂስፓኒዮላው ዝርያ የአፍንጫው መገጣጠሚያ እንደ ሰው ዳሌ ክብ አጥንት በጎድጓዳ ውስጥ የሚዞርበት ስለሆነ፣ እንስሳው አፍንጫውን ወደፈለገበት አቅጣጫ እያዞረ በድንጋይ ስንጥቅና በበሰበሰ ግንድ ውስጥ ይፈትሻል። በሄይቲ ገጠር የሚጠራበት ስም ትርጉሙ «ረጅም አፍንጫ» መሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

ዛሬ በሕይወት ያሉት ዝርያዎች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ በሚጋሩት የሂስፓኒዮላ ደሴት ይኖራል፤ ሁለተኛው፣ አገሬው አልሚኪ የሚለው፣ በኩባ ይገኛል። የዘር ግንዳቸው ከቅርብ ዘመዶቻቸው የተለየው ከ70 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ ዳይኖሰሮች ገና በምድር ላይ ሳሉ ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ኮነስስ?

ኮነስ የአንድ እንስሳ ሳይሆን የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ስም ነው። ከ800 በላይ ዝርያዎች አሏት። ቅርፊቷ ሾጣጣ ነው፤ ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፤ ስሟንም ያገኘችው ከዚሁ ቅርጽ ነው። አብዛኞቹ በሞቃት ባሕር ዳርቻዎችና በኮራል ድንጋዮች መካከል ይኖራሉ። ቀን አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ይውላሉ፤ ሌሊት ለአደን ይወጣሉ። የሚበዙት የባሕር ትል አዳኞች ናቸው፤ ሌሎች ቀንድ አውጣዎችን የሚያድኑም አሉ። በጣም ታዋቂዎቹና በጣም አደገኞቹ ግን ዓሣ አዳኞቹ ናቸው።

ዝምድና አላቸው?

በሥጋ ዝምድና ከተባለ እጅግ ሩቅ ነው። የጋራ ቅድመ አያታቸው የኖረው ከ550 ሚሊዮን ዓመት በላይ ርቆ ሲሆን፣ ምንም ዓይነት እንስሳ ገና በየብስ ላይ ያልተራመደበት ዘመን ነበር። ሶሌኖዶን አጥንት፣ ጸጉርና ቀይ ደም አለው። ኮነስ አጥንት የላትም፤ ደሟ ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ሳይሆን በመዳብ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሶሌኖዶን የሰውነቱን ሙቀት ለመጠበቅ በየሌሊቱ መብላት አለበት፤ ኮነስ አንድ ዓሣ ከዋጠች በኋላ ቀናት ልትቆይ ትችላለች።

ሁለቱም ግን የሚያድኑትን ነገር በአፋቸው በኩል በመርዝ ይወጋሉ። ይህን ችሎታ ከጋራ ቅድመ አያት አልወረሱትም፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የሚያስደስተኝ ለዚህ ነው።

መርዙ እንዴት ይወጋል?

የሶሌኖዶን መርዝ የሚመነጨው ከታችኛው መንጋጋ ሥር ካለው የምራቅ ዕጢ ነው። ከታች ካሉት የፊት ጥርሶች መካከል ሁለተኛው ጥንድ በውስጥ በኩል ጥልቅ ቦይ አለው፤ ሲነክስ መርዛሙ ምራቅ በዚያ ቦይ ወጥቶ ወደ ቁስሉ ይገባል። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ሶሌኖዶን በግሪክኛ «ቦይ ያለው ጥርስ» ማለት ነው። እባብ መርዙን የሚወጋው በላይኛው መንጋጋ ጥርሶቹ ነው፤ ሶሌኖዶን በታችኛው ነው። መርዛም የሆኑ ሌሎች አጥቢዎችም አሉ፤ በአውስትራሊያ የሚኖረው ፕላቲፐስ በኋላ እግሩ ሹል ይወጋል፣ ሽሩ ከሚባሉት አይጥ መሳይ ጥቃቅን አጥቢዎች አንዳንዶቹም በምራቃቸው መርዝ አለ። በጥርስ ላይ እንዲህ ያለ የተሟላ ቦይ በመያዝ ግን ሶሌኖዶንን የሚስተካከለው የለም።

ኮነስ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ተራው ቀንድ አውጣ ምግቡን የሚፍቅበት እንደ ሞረድ ያለ ምላስ አለው። ኮነስ ያንን ምላስ ወደ ጦር ለውጣዋለች። እያንዳንዱ ጥርስ ረጅም፣ ውስጡ ክፍት፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ የተሾለ ነው። በሰውነቷ ውስጥ እነዚህ ጥርሶች እንደ ቀስተኛ ፍላጻ በኮሮጆ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ለማደን ስትነሣ አንዱን ወደ ረጅሙ አፏ ጫፍ ታመጣለች፤ ረጅም ቱቦ የሚመስለው የመርዝ ዕጢዋ መርዙን ይሞላዋል፤ ከዚያ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ቅጽበት ትወጋበታለች። አንድ ጥርስ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለሚቀጥለው አደን ሌላ አለ።

እንዲህ ቀርፋፋ ቀንድ አውጣ ዓሣ እንዴት ትይዛለች?

ከሁሉ በላይ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን ያገኘ ሰው መርዝ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው ይመስለኛል።

ነገሩን ከኮነስ ጎን ሆነን እንየው። አትሮጥም፣ አትዋኝም፣ የምትይዝበት እጅም የላት። ዓሣን ብትነድፈውና መርዙ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቢሠራ፣ ዓሣው ሩቅ ሄዶ ይሞትና የሌላ እራት ይሆናል። ስለዚህ መርዟ በቅጽበት መሥራት አለበት። ይህን ቤተሰብ ለአሥርተ ዓመታት ያጠኑት ፊሊፒንስ ተወላጁ ሳይንቲስት ባልዶሜሮ ኦሊቬራና ባልደረቦቻቸው መርዙ አንድ ነገር ሳይሆን አብረው የሚሠሩ ብዙ ነገሮች ድምር መሆኑን አሳይተዋል። አብረው የሚሠሩትን ቡድኖችም «ሴረኞች» የሚል ትርጉም ያለው ስም አውጥተውላቸዋል። የመጀመሪያው ቡድን የዓሣውን ነርቮች ባንድ ጊዜ ያጋግላቸዋል፤ ዓሣው ክንፎቹ እንደተዘረጉ ደርቆ ይቀራል። ሁለተኛው ቡድን ዘግየት ብሎ ደርሶ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን ትእዛዝ ይቆርጣል። ቀንድ አውጣዋ ጦሯ ላይ የተሰካውን ዓሣ ቀስ ብላ ወደ ራሷ ትስበውና ሙሉውን ትውጠዋለች። ከሰዓታት በኋላ አጥንቱን፣ ቅርፊቱንና ያገለገለውን ጥርስ አብራ ትተፋቸዋለች።

ከቤተሰቡ አደገኛዋ ኮነስ ጂኦግራፈስ ደግሞ ሌላ ስልት አላት። ትናንሽ ዓሦች በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተጠግተው በሚያድሩበት ሌሊት ቀስ ብላ ትቀርባቸዋለች። አፏን እንደ መረብ፣ እንደ ሰፊ ከረጢት ትዘረጋዋለች። ዓሦቹ አይሸሹም፤ ደንዝዘው ቆመው በራሳቸው ወደ ከረጢቱ የሚገቡ ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ምክንያቱን ለመገንዘብ የሚረዳ ነገር አገኘ፤ በመርዟ ውስጥ ኢንሱሊን አለ። ያውም የቀንድ አውጣ ኢንሱሊን አይደለም፤ የዓሣን ኢንሱሊን የሚመስል ነው። ዓሣው አጠገብ ወደ ውኃው ሲለቀቅ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይወርድና ይዝላል። የስኳር ሕመምተኛ ቤተሰብ ያለው ሰው ኢንሱሊን ሲበዛ የሚመጣውን መዛል ያውቀዋል። ኮነስ በዚያው መዛል ታድንበታለች።

ሶሌኖዶን ታዲያ መርዝ ምን ያደርግለታል? እግርም መንጋጋም አለው እኮ።

ጥያቄው ትክክል ነው፤ የሁለቱ ልዩነት ያለውም እዚህ ላይ ነው። ሶሌኖዶን ያደነው ነገር ቢሸሽ ተከትሎ ይይዘዋል፤ ምግቡም በአብዛኛው ነፍሳት፣ ትልና መሰል ነገሮች ናቸው፤ አልፎ አልፎ ከእነዚህ ከፍ ያሉ ትናንሽ እንስሳትንም ይበላል። ስለዚህ መርዙ እንደ ኮነስ መብረቅ መሆን አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት የሂስፓኒዮላውን ሶሌኖዶን መርዝ መርምሮ ካሊክሬን በሚባሉ ፕሮቲኖች የተሞላ መሆኑን አገኘ። እነዚህ ፕሮቲኖች በእኛም ሰውነት ውስጥ ዘመዶች አሏቸው፤ ሥራቸው የደም ሥሮችን ማስፋትና የደም ግፊትን ማውረድ ነው። በመርዝነት ሲገቡ ያንኑ ሥራ ከመጠን በላይ ይሠራሉ፤ የተነከሰው እንስሳ የደም ግፊቱ ይወድቅና አቅም ያጣል። በምራቁ መርዝ ያለው የሰሜን አሜሪካው ሽሩም ተመሳሳይ ፕሮቲኖችን ይጠቀማል፤ ነገር ግን ጥናቱ እንዳሳየው ሁለቱ መርዙን ከአንድ ቅድመ አያት አልወረሱትም፤ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ አንድ ዓይነት ዘዴ ላይ ደርሰዋል። ዕድሜ ልኩን በምራቅ ውስጥ የኖረ ተራ ፕሮቲን ጊዜ ሲሰጠው መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

እኔ ነገሩን የምረዳው እንዲህ ነው፤ መርዝ የጎደለን ነገር ይተካል። ኮነስ የጎደላት ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ መርዟ ፈጣን ነው። ሶሌኖዶን የጎደለው ጉልበት ነው፤ ስለዚህ መርዙ ያዳክማል።

የማንኛቸው መርዝ ይበረታል?

ለሰው አደጋነቱ ከሆነ ያለ ጥርጥር የኮነስ። በኬሚካላዊ ስሪትም የእርሷ ይራቀቃል፤ አንድ ዝርያ ብቻ ከመቶ በላይ የተለያዩ ጥቃቅን የፕሮቲን ቁራጮች ይኖሯታል፤ የአንዷ ዝርያ ቅመም ከሌላዋ ጋር አይመሳሰልም። የሶሌኖዶን መርዝ በአንጻሩ በጥቂት ትላልቅ ፕሮቲኖች ላይ የቆመ ነው።

ሰው ሊገድሉ ይችላሉ?

በሶሌኖዶን ንክሻ ሞተ የተባለ ሰው በመዝገብ የለም። ኮነስ ግን ገድላለች። በታሪክ የተመዘገቡት ሞቶች በጥቂት ደርዘኖች የሚቆጠሩ ቢሆኑም፣ ከእነዚያ የሚበዙት በኮነስ ጂኦግራፈስ የደረሱ ናቸው። ሰውን የሚገድለው የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሽባ መሆን ነው። አደጋው የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ሰው የሚያምር ቅርፊት አሸዋ ላይ ያያል፣ ባዶ መስሎት ያነሣል፣ ኪሱ ውስጥ ይከታል ወይም በመዳፉ ይዞ ይመለከታል።

ይህ እኛንም ይመለከታል። ቀይ ባሕር የኮነስ ቤት ነው፤ በጨርቅ ስም የተሰየመችው፣ ቅርፊቷ የአገር ባህል ቀሚስ ጥበብ የመሰለው ኮነስ ቴክስታይል እዚያ ትገኛለች፤ እርሷም አደገኛ ናት። በጅዳ፣ በኤይላት ወይም በቀይ ባሕር ሌሎች ዳርቻዎች የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ባሕር ሲወርዱ ሾጣጣ ቅርፊት በእጅ እንዳይነካ አስቀድመው ይንገሯቸው። «በሰፊው ጫፍ ብይዛት አትደርስብኝም» የሚለው አባባል ሐሰት ነው፤ አፏ ከቅርፊቷ ውጭ ረዝሞ ብዙ ቦታ ይደርሳል።

ብትነድፍስ ምን ይደረጋል?

የመርዙ ማርከሻ መድኃኒት እስከ አሁን የለም። ስለዚህ ሁለት ነገሮች ወሳኝ ናቸው፤ መርዙ በሰውነት እንዳይሰራጭ ማዘግየትና ትንፋሽን መጠበቅ። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር በሰፊ ፋሻ ከጫፍ እስከ ላይ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል፣ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት መደገፍና ተጎጂውን ሳያስኬዱ ወዲያውኑ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። ደም የሚያቆም ማሰሪያ ማሰር፣ ቁስሉን መብጣት ወይም በአፍ መምጠጥ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ትንፋሹ ከደከመ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በአፍ ትንፋሽ መስጠት ሕይወት ያድናል፤ መርዙ በጊዜ ከሰውነት ስለሚወጣ፣ እስከዚያ የተነፈሰ ሰው የመዳን ተስፋ አለው።

እናቶቻችን አንቀልባ ላይ የሚሰፉት ዛጎል ከዚህች ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል፤ ዛጎልም የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው። በቆዳው አንቀልባ ላይ የተደረደረው፣ ዛጎል ጣዮች የሚበትኑት፣ በብዙ የአፍሪካ አገሮች እንደ ገንዘብ ያገለገለው ያ ነጭ፣ በሆዱ ጥርሳም ስንጥቅ ያለው ቅርፊት ከሕንድ ውቅያኖስና ከቀይ ባሕር የመጣ ነው። ባለቤቷ ግን መርዝ የላትም፤ የኮነስ የሩቅ ዘመድ ናት። በልጅነቴ የአያቴን አንቀልባ እየዳሰስኩ ስንጥቁ ውስጥ ጥፍሬን እከት ነበር፤ በውስጡ አንድ ጊዜ ሕይወት የነበረው ፍጡር ይኖር እንደነበር የነገረኝ ሰው አልነበረም። ባሕር አይተው የማያውቁ ሰዎች በጀርባቸው ባሕር ተሸክመው ነበር።

ከመርዛቸው መድኃኒት ወጥቷል?

ከኮነስ ወጥቷል። ኮነስ ማገስ በምትባል ዝርያ መርዝ ውስጥ ካሉት ቁራጮች አንዱ የሕመም ስሜትን ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ ነርቮች የካልሲየም በር ይዘጋል። በኦሊቬራ ቤተ ሙከራ ከተገኘው ከዚህ ቁራጭ ዚኮኖታይድ የተባለ መድኃኒት ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ጸደቀ። ለከባድና ለማይለቅ ሕመም ብቻ፣ በትንሽ ፓምፕ በቀጥታ ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ይሰጣል። እንደ ሞርፊን ሰውነት አይለማመደውም፤ ሕመምተኛው መጠኑን ዕለት ዕለት እየጨመረ እንዲሄድ አያስገድድም። ጎጂ ጎንም አለው፤ ማዞር፣ ግራ መጋባትና የአእምሮ መታወክ ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሞች በጥንቃቄ ነው የሚያዝዙት። መድኃኒቱ በቤተ ሙከራ ስለሚሠራ ቀንድ አውጣ መግደል አያስፈልግም።

ከሶሌኖዶን እስከ አሁን መድኃኒት አልወጣም። የደም ግፊትን የሚያወርድ ነገር በምራቁ የያዘ አጥቢ መኖሩ ግን ለመርማሪ የማይናቅ ነገር ነው።

የትኛው ለመጥፋት ይበልጥ የተጋለጠ ነው?

መልሱ ባሕርን የመሻገር ጉዳይ ነው። የሶሌኖዶን እናት አንድ ወይም ሁለት ግልገል ትወልዳለች፤ ሁለት ብቻ የሆኑት ጡቶቿም ወደ ታፋዋ ተጠግተው ይገኛሉ። ግልገሎቹ ከደሴታቸው መውጫ የላቸውም። የብዙዎቹ ኮነሶች ልጆች ግን ከእንቁላል ሲወጡ በውኃ ላይ እየተንሳፈፉ ሩቅ ይጓዛሉ፤ ስለዚህ አንድ ዝርያ ከአፍሪካ ዳርቻ እስከ ፓስፊክ ድረስ ሊኖር ይችላል።

ሶሌኖዶን ለዘመናት ምድር ለምድር የሚያድነው አውሬ በሌለበት ኖረ፤ ሰው ውሻ፣ ድመት፣ የመርከብ አይጥና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለሸንኮራ እርሻ አይጥ ማጥፊያ የመጣውን ሞንጉስ ሲያስገባበት ግን የሚሸሽበት ልማድ አልነበረውም። ጎረቤቱ የነበረው ኔሶፎንቴስ የተባለ ትንሽ አጥቢ አውሮፓውያን ከመጡ በኋላ ፈጽሞ ጠፍቷል። የኩባው አልሚኪም እ.ኤ.አ. በ1970 ጠፍቷል ተብሎ ነበር፤ በዚያው አሥርት ውስጥ እንደገና ተገኘ። በ2003 የተያዘው አንዱ ተመርምሮ ወደ ጫካው ተመልሷል፤ አሌሃንድሪቶ ብለው ስም አወጡለት። ዛሬም ይህ ዝርያ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ነው። የሂስፓኒዮላው ቀድሞ ከተፈራው በሻለ ሁኔታ ላይ መገኘቱ ደስ ያሰኛል።

ኮነስም ቢሆን ሁሉም ነጻ አልወጡም። በኬፕ ቨርድ ደሴቶች ከ50 የሚበልጡ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች አሉ፤ ልጆቻቸው አይንሳፈፉም። አንዳንዶቹ የሚኖሩት በአንድ ደሴት አንድ ወሽመጥ ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ ሆቴል ወይም ወደብ ቢሠራ ዝርያው አብሮ ይሄዳል። እነዚህ የባሕር ሶሌኖዶኖች ናቸው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ኢትዮጵያ ውስጥ አሉ?

ሁለቱም የሉም። ሽሩዎች ግን በአገራችን በብዛት አሉ፤ በደጋችን ብቻ የሚገኙ ዝርያዎችም አሉን። የሶሌኖዶን የሩቅ ዘመዶች ናቸው።

ሶሌኖዶንን በዱር ማየት ይቻላል?

ከባድ ነው። ቀን በዋሻ፣ በጉድጓድ ወይም በባዶ ግንድ ውስጥ ይተኛል፤ ሌሊት ሲወጣም ድምፁ ዝቅተኛ ነው። እርሱን የሚያጠኑ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያገኙት እንስሳውን ሳይሆን ዱካውን ነው። ጠዋት ጫካው ውስጥ ገብተው ቅጠሉን ገለጥ ያደርጋሉ፤ እርጥቡ አፈር ላይ አፍንጫው እየተሰካ ሲወጣ የተዋቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ተከታትለው ይታያሉ። አፋቸው ሰፋ ያለ፣ ወደ ታች እየጠበቡ የሚሄዱ፣ ሾጣጣ ጉድጓዶች ናቸው።